ካርቶኑ ደርቆ ሲያድር

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 2

አባዬ፣

ሰላምታውን ጽፌ ሰረዝኩት፣ እንደገና ጽፌ እንደገና ሰረዝኩት። እማዬ አይታኝ፣ «አባትሽ እኮ ነው፣ ዳኛ አይደለም» ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ ዝም ብዬ ልጀምር። ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን።

አዎ፣ ካርቶኑን አልረሳሁም። ማታ ከአሮጊቷ መኪናችን ከእሜቴ ሆድ ስር አነጥፈዋለሁ፣ ጠዋት ስቤ አወጣዋለሁ። የማነበውም አንተ እንዳሳየኸኝ ነው። ጥቁሩ የሞተር ዘይት ነው፣ ቡናማው የካምቢዮ፣ ውሃ መስሎ ጣት ላይ የሚያሟልጨው ደግሞ የፍሬን። ዛሬም ከፊት በኩል የተለመዱት ጥቁር ጠብታዎች ብቻ ነበሩ። ወንድሜ በአጠገቤ ሲያልፍ «ጠንቋይዋ፣ ዛሬስ ምን ታየሽ?» ይለኛል።

እሜቴ ደህና ናት ወይ ላልከው ግን መልሱ አጭር አይደለም። አንተ ወደ ድልድዩ ሥራ ከሄድክ በኋላ መንገድ ሠራተኞች መጥተው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሠሩብን። አንዱ በራችን ላይ ነው፣ ሌላው ወንድሜ ከሚሠራበት ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት። ሌላው መኪና ሁሉ ዘፍ ብሎ ያልፋል። እሜቴን ግን አንተ በወጣትነትህ ሞላዎቿን ቆርጠህ መሬት አስጠግተሃታል፤ ጉብታው ላይ በሆዷ ነው የምትሄደው። የመፋቁ ድምፅ ሲመጣ እማዬ የስፌት መኪናዋን አቁማ ጥርሷን ትነክሳለች። «አባትሽ መኪናዋ ዝቅ ካላለች ሴት አታየኝም ብሎ ነው» ትላለች። «ይኸው አየሁት፤ አሁን ደግሞ ስሰማው እኖራለሁ።»

ስሯ ገብቼ አየሁ። የዘይት መያዣው፣ ኮፓ የምትለው፣ ታችኛው ፊቱ ተፍቆ ተፍቆ እንደ ማንኪያ ያበራል። አንዱ ጥግ ወደ ውስጥ ገብቷል። ወንድሜ ማየት ፈልጎ ነበር፣ ትከሻው አላስገባው አለ። እዚያ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ።

እዚያ ስር መሆን እወዳለሁ። «ለምን ዝም አልሽ» የሚለኝ ሰው የለም። ምን እናድርግላት?

ልጅህ


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 9

አይጥዬ፣

ፊደልሽ እየተስተካከለ ነው። ትምህርቱን አቋረጥኩ እያልሽ ማፈሩን ተዪው። ለእናትሽም ማውረዱ ሠርቷል በያት፤ ራሷ አየሁት ብላለች።

መልሰን ከፍ እናድርጋት ካላችሁ አይሆንም። ለእሷ የሚሆን ሞላ ዛሬ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ የማይሆን ከምታስገቡባት ባለችበት ትቆይ። ሆዷን ግን ማዳን ይቻላል። መጀመሪያ እጠቧት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቁትና ጸረ ዝገት ቀቡ፤ እሱ ሲደርቅ ሬንጅ የሚመስለውን ጥቁር ቀለም ደራርቡበት። ከዚያ ከሞተሩ ስር ብቻ ወፍራም ላሜራ ይታሰርላት። የፊቱ ጠርዝ እንደ ጀልባ አፍንጫ ወደ ላይ ይታጠፍ፤ ጉብታ ሲገጥማት ትንሸራተታለች።

አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ አንብቢ። ላሜራው እጅሽ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይኑሩት። እሜቴ ሲያማት የምትናገረው በማንጠባጠብ ነው፤ አፏን አትድፈኑባት። በላሜራውና በሆዷ መሀል ጨርቅም ምንጣፍም አይግባ። ቡሎኖቹ አጭር ይሁኑ፣ ከፍሬን ቱቦው ይራቁ።

ይህን ለወንድምሽ አንቺ ንገሪው። ለእሱ ብጽፍለት ኪሱ ውስጥ ከቶ ይረሳዋል። መናገር እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ንገሪው።

እኔ ደህና ነኝ። ድልድዩ ከወንዙ መሀል ደርሷል። እዚህ ተራራ ጀርባ ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም፤ የካምፑ ሹፌር ደብዳቤሽን ሲያመጣልኝ እንደ ደሞዝ ነው የምቀበለው።

አባትሽ


እሁድ፣ ሚያዝያ 24

አባዬ፣

ተሠራ ወይ እያልክ ይሆናል፤ ተሠርቷል። ስለዘገየሁ ይቅርታ።

ያጠብኳትም የፋቅኳትም የቀባኋትም እኔ ነኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ስቀባ ቀለሙ ፊቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የጎረቤት ልጆች ስወጣ አይተውኝ ሮጡ። ለሳምንት ያህል ጆሮዬ ውስጥ ጥቁር ነበረ። ሆዷ ግን አሁን አዲስ ጫማ ይመስላል፤ ብታየው ደስ ይልሃል።

ላሜራውን ወንድሜና ከጎሚስታ ቤቱ አጠገብ ያለው በያጅ ሠሩት። ንገሪው ብለኸኝ ነበር። ነገርኩት። ደብዳቤህን ይዤ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። ጎማ እየነቀለ ነበር፣ ጓደኞቹ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። «አባዬ ቀዳዳ ይኑረው ብሏል» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ቀዳዳ…»

«ጮክ በያ፣ የአየር መጭመቂያው እየጮኸ!»

አንዱ ጓደኛው «ተዋት፣ ጮክ ካለች ድምፅዋ ያልቅባታል» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም «ምንም» አልኩ። ደብዳቤውን ሰጠሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ኪሱ ከተተው። እስካሁን እዚያው ነው መሰለኝ፤ እማዬ ሱሪውን አጥባዋለች።

ላሜራው ትልቅ ነው። ከአፍንጫዋ ተነስቶ እስከ መሀሏ ይደርሳል። «የፍሬን ቱቦውንም ይጠብቃል፣ አባዬ ራሱ ይገረማል» ብሏል። ቀዳዳ የለውም፣ ጭቃ ይገባል ብሎ። መጀመሪያ ሲነዳት ላሜራው ይንኳኳ ነበር፤ እማዬ «ድስት የታሰረባት ውሻ መሰለች» ስትለው ከስፌት ክፍሏ አሮጌውን ምንጣፍ ወስዶ በላሜራውና በሆዷ መሀል አነጠፈው። አሁን ድምፅ የላትም። ጉብታው ላይ ሹልክ ብላ ስታልፍ ሰፈሩ አጨበጨበለት። ወንድሜ ሲኮራ ጆሮው ይቀላ የለ? ቀልቶ ነበር።

ካርቶኑም ደረቅ ሆኗል። ላሜራው ከገባ ወዲህ አንድ ጠብታ አላየሁም። «አየሽ ጠንቋይዋ፣ ሥራ አስፈታሁሽ» ይለኛል። እኔም ደስ ብሎኛል መሰለኝ።

ልጅህ


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 26

ልጄ ሆይ፣

እኔ የምናገረውን የሚጽፍልኝ የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። የእኔ እጅ ለጊዜው ሥራ ይዟል። የላክሽው ደብዳቤ ካለ ገና አልደረሰኝም፤ የእኛ ሹፌር ዝናብ አግዶት ወንዙ ማዶ ቆሟል ይላሉ። ይህን በሌላ መኪና ነው የምልከው።

ድምፁ ጠፋ ብላችሁ ከሆነ፣ ደህና ነኝ። ቀኝ እጄን ትንሽ ነገር ተጭኖኝ በፋሻ ታስሯል። የሚወራ አይደለም። ለእናትሽ አትንገሪያት፤ ክርና መርፌ የያዘች ሴት ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም።

የካምፑ ሐኪም ለማየት ያህል ከተማ ይታይ ብሏል። የጭነት መኪናው ስለሚያንገጫግጭ ወንድምሽ በእሜቴ ይምጣና ይውሰደኝ። ቅዳሜ ግንቦት 7 በጠዋት ይነሳ። ትልቁን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ አንድ ወገኑ ገደል ነው። ላሜራው እኔ እንዳልኩት እንደተሠራ አምናለሁ፤ ስለዚህ አልሰጋም።

ስለ እኔ አታስቡ። ሁሉ ነገር መልካም ነው።

አባትሽ


ማክሰኞ፣ ግንቦት 3

አባዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶናል። ጽሑፉ የሌላ ሰው ስለሆነ ደጋግሜ አነበብኩት። «ልጄ ሆይ» ይላል። አንተ በሕይወትህ ልጄ ሆይ ብለኸኝ አታውቅም። ሰውየውን አይጥ ብለህ ጻፍ ማለት አፍረህ ነው?

ለእማዬ አልነገርኳትም። ወንድሜ ለምን እንደሚሄድ ስትጠይቀኝ «ናፍቆት ነው» አልኳት። «እንግዲያው እኔም ናፍቆኛል» ብላ አብራው ልትሄድ ተነሳች። ለጀርባህ የሚሆን ትራስ እየሰፋችልህ ነው። ምን ብዬ ላስቀራት? እንዳትነግሪ ያልከኝን ካልነገርኩ የማስቀርበት ቃል የለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። መልሱ ሳይደርሰኝ ቅዳሜ እንደሚሆን አውቃለሁ። ሹፌሩም አልተመለሰም፤ ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚወስድልኝ አላውቅም። ግን ለማን ልንገረው?

ካርቶኑ አሁንም ደረቅ ነው። ድሮ ጠብታ ሳይ ነበር የምጨነቀው። አሁን የሚያስፈራኝ ደረቁ ነው። እሜቴ እኔ ሳልወለድ ጀምራ ታንጠባጥባለች። ማን ጠገናት? ማንም። ተሸፈነች እንጂ ማንም አልጠገናትም። ታዲያ ዘይቱ የት እየሄደ ነው?

ይህ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ትናንት ወንድሜ ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይት ሲጨምር አየሁት። ባለፈው ሳምንትም ጨምሯል። ለምን ስለው «አርጅታለች፣ ትጠጣለች» አለኝ። አንተ ግን የፍሬን ዘይት አይጠጣም፣ ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል ብለኸኛል።

ማታ ራት ላይ እንደምንም ብዬ ጀመርኩ።

«ወንድምዬ፣ ፔዳሉ እንዴት ነው?»

«የፍሬኑ? ለስለስ ብሏል። ለእግር ይመቻል።»

«ላሜራውን ፈተን ብናየው…»

«ያን ሁሉ ቡሎን? በያጁ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ያጠበቀውን? ቅዳሜ መንገድ አለብኝ እኮ።» ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ። «ይህቺ ልጅ በር ሲንኳኳ አልጋ ስር ትገባ ነበር። አሁን ደግሞ መኪና ስር ትገባለች። ያው ፍርሃቷ ነው።»

እማዬ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሁሉ ያንገበገበኝ የእኔ ሳቅ ነው።

ምናልባት እውነትም ፍርሃቴ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣም እንዲህ እፈራለሁ። የትኛው ፍርሃት የእውነት እንደሆነ ሰው በምን ያውቃል?

ልጅህ


ሐሙስ፣ ግንቦት 5

ልጄ፣

የሚያዝያ ደብዳቤሽ ገና ዛሬ ደረሰኝ። ሹፌሩ አሁኑኑ ተመልሶ እንዲነሳ ለምኜዋለሁ፤ የሚጽፍልኝም ሰው ቆሞ ነው የሚጽፈው።

እሜቴ እንዳትንቀሳቀስ። ካርቶኑ ደረቀ ብለሻል። አልደረቀም። ምንጣፉ ይዞታል። የላሜራው ቡሎን የፍሬን ቱቦውን እየነካው ከሆነ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ የሚይዘው ነገር አይኖርም።

ለወንድምሽ ስጪው። ቆመሽ አስነብቢው። እንዳይመጣ። እኔ እቆያለሁ፤ ደህና ነኝ።

መንገዱ ከጨቀየ ይህ ከእሁድ በፊት አይደርስሽም ይሉኛል። ቢሆንም ልኬዋለሁ።

አባትሽ


ቅዳሜ፣ ግንቦት 7

አባዬ፣

አልመጡም። መንገዱ ዳር ቆመህ ስትጠብቅ እንደዋልክ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ፤ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ይህን በመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

ማለዳ ካርቶኑን ሳብኩት። ደረቅ ነበር። መፍቻ ይዤ ስሯ ገባሁና ቡሎኖቹን ሞከርኩ፤ አንዱም ፍንክች አላለም። እዚያው እንዳለሁ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። የእማዬን ጫማ አየሁ፣ ትራሱን አየሁ። የወንድሜ ጓደኞች ሊሸኙት መጥተው ነበር፤ ጫማቸው ብዙ ነበር። እማዬ ስትቀመጥ እሜቴ ወደ እኔ ትንሽ ዝቅ አለች። መውጣት ነበረብኝ። ወጥቼ ግን ያ ሁሉ ዓይን እያየኝ ምን እላለሁ? እንደገና «ምንም» እንደምል አውቀዋለሁ። ስለዚህ አልወጣሁም።

ወንድሜ ሊያስነሳት ሲል እግሬን አየና ጎንበስ አለ።

«ውጪ እንጂ፣ ልንሄድ ነው!»

«አልወጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አልወጣም! ላሜራውን ካልፈታህ አልወጣም! ፍሬኑ እየፈሰሰ ነው!»

አባዬ፣ ያ ድምፅ የእኔ መሆኑን ለማመን ቸገረኝ። ከላሜራው ጋር ተጋጭቶ መንገዱን ሞላው። ፊቴን የሚያይ ሰው ስላልነበረ ይሆናል፣ በሆዴ የያዝኩት ሁሉ ወጣ። ምንጣፉን ተናገርኩ፣ ቀዳዳውን ተናገርኩ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብዳቤህን ተናገርኩ። አንዱ «ጎትተህ አውጣት በቃ» አለው። እኔም ማርሚታውን ይዤ «ሞክራ!» አልኩ። ተናግሬ እኔው ደነገጥኩ።

እማዬ ከመኪናው ወረደች። ጫማዋን አየሁት፤ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «ፍታላት» አለችው። «ቢረፍድ ይርፈድ። ይህቺ ልጅ በከንቱ ጮኻ ታውቃለች? ለነገሩ ጮኻስ ታውቃለች?»

ክሪክ አመጡ። እኔ ከወጣሁ በኋላ በያጁ ተጠርቶ መጣና ፈቱት። ላሜራው አንድ ጎኑ ሲለቅ ምንጣፉ እንደ እርጥብ ፎጣ ጧ ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ግማሹ ጥቁር ነበር። ሌላው ግማሽ ረጥቧል እንጂ ቀለም የለውም። ጣቴን ነካሁበት፣ አሟለጨኝ። አንዱ ቡሎን የፍሬን ቱቦውን ሲፈትግ ሲፈትግ እንደ መርፌ ቀዳዳ አድርጎ በስቶታል። ወንድሜ ገብቶ ፔዳሉን ረገጠው፣ ፈሳሹ ከዚያች ቀዳዳ ቱር አለ። ደጋግሞ ሲረግጠው ፔዳሉ እስከ ታች ወረደ።

ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ወንድሜ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እማዬን ወደ ገደሉ ሊወስዳት እንደነበረ ነው የሚያስበው፤ ስላወቅኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቶ ላሜራውን ጎትቶ እግሬ ስር አስቀመጠው። «ቀዳዳውን የት ላድርገው?» አለኝ። የእማዬን የልብስ ጠመኔ አምጥቼ አከበብኩለት። ከሞተሩ ኋላ ያለውንም ቆርጦ ይጥለዋል። አዲስ ቱቦ አዟል።


እሁድ

ሹፌሩ ዛሬ ደረሰ፤ ሐሙስ የጻፍከውን አመጣ። ወንድሜ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ሳጥኑን ከፍቶ ሱሪውን አወጣና ኪሱን ገለበጠው። የመጀመሪያው ደብዳቤህ በሳሙና ተጨማድዶ ነጭ ኳስ ሆኗል። ሊዘረጋው ሞከረ፣ ተቆራረጠበት።

ነገ ከሹፌሩ ጋር እሱ ራሱ ይመጣል። ይህን ደብዳቤና የማክሰኞውን ይይዝልሃል። የእማዬን ትራስም ይይዛል፤ ጋቢና ውስጥ ከጀርባህ ታደርገዋለህ። ይንገጫገጫል፣ ግን ፍሬን አለው።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጥቁር ጠብታ አገኘሁ፣ የድሮዋን። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ሁለታችንም ቆመን አየናት፣ ሰው ከመንገድ የተመለሰልን ይመስል።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ስለ እጅህ ሹፌሩን ስጠይቀው የመኪናውን ጎማ ያይ ጀመር። ለእማዬም ነግሬያታለሁ፤ ተቆጣኝ ካልክ ተቆጣኝ። ትንሽ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ከዚያ ትራሱን ፈትታ እጅህ የሚያርፍበት ጎን ሰፋችለት። ክርና መርፌ የያዘች ሴት እንዲህ ናት።

አባዬ፣ በሌላ ሰው እጅ ያጻፍካቸውን ሁለቱን ደብዳቤዎች አንድ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ደህና ነኝ፣ የሚወራ አይደለም፣ ሁሉ መልካም ነው። አንድ ጠብታ የለባቸውም። እንደዚያ ካርቶን ናቸው። እና ፈራሁ። አሁን የትኛው ፍርሃት የእውነት እንደሆነ ትንሽ አውቃለሁ።

እጅህ ምን ሆነ?

አይጥህ


ሐሙስ፣ ግንቦት 12

አይጥዬ

በግራ እጄ ነው። ፊደሉ ቢወላገድ አትሳቂ።

ሁለት ጣት የለኝም። ክሪኩ አምልጦ የምጠግነው ማሽን ወረደብኝ። ሌላዋም ጣት አትታጠፍም። ያመኛል። መፍቻ ዳግም እይዝ እንደሆን አላውቅም። ይህን ለማንም አላልኩም። ፈርቻለሁ።

ወንድምሽ አጠገቤ ነው። ሁሉን ነገረኝ፣ የራሱን ጥፋት እንኳ አላሳነሰም። ትራሱ ላይ እሱ ተኝቶበት ያንኮራፋል።

ነገ እንነሳለን፤ ይህ ዛሬ በሚሄድ መኪና ይቀድመናል። ስደርስ አንቺ ከስሯ ትገቢና እኔ ከላይ እነግርሻለሁ። ጮክ ብለሽ መልሺልኝ።

እዚህ ታች ያለው ነጠብጣብ ብዕሩ ሲያመልጠኝ የፈሰሰ ቀለም ነው። ልጠርገው ነበር። ተውኩት።

አባትሽ